አምስቱንም አናባቢዎች የያዙ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላትና ትርጉማቸው

ጥያቄ (ፊደል ለቃሚ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳነብ ከቃላቱ ትርጉም ባሻገር የፊደላታቸውን አሰላለፍ መመልከት እወዳለሁ። ከሁሉ ይልቅ የሚስቡኝ አምስቱን አናባቢ ፊደላት፣ ማለትም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ የያዙት ቃላት ናቸው። እስካሁን የሰበሰብኳቸው ጥቂት ናቸው፤ ትምህርት ማለት የሆነው ኤጁኬሽን፣ ቅድመ ጥንቃቄን የሚያመለክተው ፕሪኮሽን፣ በዓይን የማይታየው ጨረር መጠሪያ አልትራቫዮሌት እና ከሌሎች ይልቅ የተወደደ ወይም የተመረጠ ማለት የሆነው ፌቨሪት ይገኙባቸዋል።

መዝገበ ቃላትን ከዳር እስከ ዳር ከማሰስ ሌላ እነዚህን ቃላት ለማግኘት የሚረዳ ብልሃት አለ ወይ? አናባቢዎቹ በፊደል ተራቸው የተሰለፉባቸው ቃላት መኖራቸውንም ሰምቻለሁ። ከዚህ ሌላ አንድ ዓይነት ፊደላትን እየተጋሩ ትርጉማቸው ፈጽሞ የተለያየ ረጃጅም ቃላትን ወይም ሐረጎችን የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ትርጉሙን የማላውቀውን ቃል ለፊደሉ ብቻ ብዬ መያዝ ስለማልፈልግ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ፍቺውን ብትጽፉልኝ ውለታው ትልቅ ነው።

መልስ 1 (የቃላት ወዳጅ)

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ በጣም የምወደው ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። ብልሃቱ ከቃሉ መጨረሻ መጀመር ነው። ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ረጃጅም ቃላት ብዙዎቹ በታወቁ ባዕድ መድረሻዎች የሚያልቁ ሲሆን፣ መድረሻዎቹ ራሳቸው ሦስት አናባቢዎችን በአንድ ጊዜ ይዘው ይመጣሉ። በኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን የሚያልቀውን ስም ብንወስድ ኤ፣ አይ እና ኦ እዚያው ይገኛሉ፤ ስለዚህ ከፊት የሚቀረው ኢ እና ዩን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ የያዘ ግንድ መፈለግ ነው። የእርስዎ ኤጁኬሽን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ደንብ ወይም ቁጥጥር ማለት የሆነው ሬጉሌሽን፣ አንድ ሰው በሌሎች ዘንድ ያተረፈውን ስም የሚገልጸው ሬፒዩቴሽን፣ በቂ ማስረጃ የሌለው ግምት ወይም ትርፍ ተስፋ ተደርጎ የሚፈጸም ግብይት የሚባለው ስፔኪዩሌሽን እንዲሁም የመንፈስ መታወክን ወይም የአንድ ሥርዓት መናጋትን የሚያመለክተው ባለ 12 ፊደሉ ፐርተርቤሽን ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን በአይ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ የሚያልቁት ቅጽሎች ናቸው። እዚህ የሚጎድሉት ኤ እና ኢ ብቻ ናቸው። ግሪጌሪየስ የሚለው ቃል መንጋ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ በቡድን የሚኖር እንስሳን ወይም ከሰው ጋር መሆንን የሚወድ ሰውን ይገልጻል። ቴኔሸስ መያዝ ከሚለው ግስ ተወልዶ የያዘውን የማይለቅ፣ ጽኑ የሆነ ማለት ሆኗል። ቬክሴሸስ የሚያስመርር ማለት ነው፤ በሕግ ቋንቋ ደግሞ ተከራካሪን ለማንገላታት ብቻ የሚቀርብን ክስ ለመግለጽ ያገለግላል። ፕሪኬሪየስ አስተማማኝ ያልሆነ ማለት ሲሆን፣ ታሪኩ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል፤ ላቲኑ በልመና የተገኘ ማለት ነበር፤ በልመና የተገኘ ነገር በሰጪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ቃሉ ቀስ በቀስ ዋስትና የሌለውን ሁኔታ ሁሉ ለመግለጽ በቃ።

በእነዚህ በአራቱም ኢ ከኤ ይቀድማል። ኤ ቀድሞ ኢ ሲከተል ግን መድረሻው ቀሪዎቹን ሦስቱን በተራቸው ስለሚያመጣ፣ የጠየቁት የፊደል ተራ ወዲያው ይሟላል። የታወቁት ሁለቱ ቃላት እነሆ። ፈሲሸስ የሚጻፈው በኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ ሲሆን፣ ትርጉሙም ቁም ነገር በሚነሳበት ቦታ ያለአግባብ የሚቀልድ ነው። አብስቲሚየስ በኤ፣ ቢ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤም፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤስ ይጻፋል፤ በምግብና በመጠጥ ራሱን የሚገታ ሰውን ይገልጻል፤ በመነሻው የሚያሰክር መጠጥን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ጋር ይገናኛል። ሁለቱንም በኤል እና በዋይ ጨርሰው ተውሳከ ግስ ቢያደርጓቸው፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ አናባቢ የምታገለግለው ዋይ በስድስተኛ ተራ ትገባለች።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ፌቨሪት በዝርዝርዎ የሚቆየው በብሪታንያ አጻጻፍ ከሆነ ብቻ ነው። ጠባይ ማለት የሆነው ቢሄቪየርም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ አጻጻፍ ዩ ከሁለቱም ስለሚወጣ አናባቢዎቹ አራት ብቻ ይቀራሉ።

መልስ 2 (ገለባበጥ)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ፊደላትን ስለሚጋሩ ቃላት ብቻ ልናገር፤ ለዚህም ከእርስዎ ዝርዝር ርቄ መሄድ አያስፈልገኝም። የኤጁኬሽንን ዘጠኝ ፊደላት አንድም ሳይጨምሩ፣ አንድም ሳይቀንሱ ቢያዘዋውሩ ኦክሽንድ የሚለውን ያገኛሉ፤ በጨረታ የተሸጠ ማለት ነው። እንደገና ቢያዘዋውሩ ኮሽንድ ይወጣል፤ እርሱም ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ማለት ነው። ሦስቱም አምስቱን አናባቢዎች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ይይዛሉ። ይሁን እንጂ ዝምድናቸው በፊደል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ማሳደግ፣ ሁለተኛው መጨመር፣ ሦስተኛው መጠንቀቅ ከሚሉ የተለያዩ የላቲን ግሶች የመጡ ናቸው። ጨረታ ከመጨመር ጋር የተያያዘው ተጫራቾች በዋጋ ላይ ዋጋ ስለሚጨምሩ ነው። ፊደል መጋራትና ሥር መጋራት ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ውይይት ማለት የሆነው ኮንቨርሴሽን እና ጥበቃ ወይም እንክብካቤ ማለት የሆነው ኮንሰርቬሽን ደግሞ 12 ፊደላትን ይጋራሉ፤ ልዩነታቸው ቪ እና ኤስ ቦታ መለዋወጣቸው ብቻ በመሆኑ ፈጥኖ ለሚያነብ ሰው በቀላሉ ይምታታሉ። መቀስቀስ ወይም መነቃቃት ማለት የሆነው ኤክሳይቴሽንም ማስከር ከሚለው ኢንቶክሲኬት ጋር አሥሩንም ፊደላት ይጋራል።

ከሐረጎች ወገን ከሁሉ የላቀ የምለው በቁጥር የተሠራ ነው። ኢለቨን ፕላስ ቱ፣ ማለትም 11 ሲደመር 2፣ እና ትዌልቭ ፕላስ ዋን፣ ማለትም 12 ሲደመር 1፣ ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ፊደላት ነው። የሁለቱም ድምር 13 ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ሐረግ ፊደላትም ብዛታቸው 13 ነው።

ጠያቂው (ፊደል ለቃሚ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከመድረሻው መጀመር የሚለው ምክር ፍለጋዬን በእጅጉ ያቀልልኛል። ሁለት ነገሮችን ብቻ ልጨምር፤ አናባቢዎቹ በተገላቢጦሽ ተራ፣ ማለትም ከዩ ወደ ኤ የሚመጡበት ቃል አለ ወይ? አናባቢውም ተነባቢውም ጨርሶ የማይደገምበት ረጅም ቃልስ?

መልስ 3 (የቃላት ወዳጅ)

ሁለቱም አሉ። በተገላቢጦሽ ተራ ንዑስ አህጉርን የሚመለከት ማለት የሆነው ሰብኮንቲኔንታል እና ሙገሳ የሌለበት፣ ይልቁንም የሚነቅፍ ማለት የሆነው አንኮምፕሊመንታሪ ይገኛሉ። ሁለተኛው 15 ፊደላት ሲኖሩት መጨረሻው ላይ ዋይን ይጨምራል። እዚህ ላይ ሥራውን የሚጀምረው ባዕድ መነሻው ነው፤ ዩን ቀድሞ ያስገባዋልና።

ምንም ፊደል የማይደገምባቸው ሁለት ባለ 15 ፊደል ቃላት ይታወቃሉ። አንዱ ደርማቶግሊፊክስ ሲሆን፣ በግሪክ ቆዳ እና መቅረጽ ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው፤ በጣት፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ቆዳ ላይ ያሉትን መስመሮች የሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ መጠሪያ ነው። ዩ ስለሚጎድለው ግን ከእርስዎ ዝርዝር ውጭ ይሆናል። ሌላው አንኮፒራይተብል ነው፤ የቅጂ መብት ሊጠበቅለት የማይችል ማለት ነው። አለመሆንን የሚያመለክተው መነሻ፣ ቅጂ፣ መብት እና መቻልን የሚያመለክተው መድረሻ አንድ ላይ ተገጣጥመው አምስቱንም አናባቢዎች ከነዋይዋ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ይይዛሉ፤ ከተነባቢዎቹም አንድ እንኳ አይደገምም። አንድ ቃል ብቻ ምረጥ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።

መልስ 4 (ዝምተኛ አንባቢ)

የተቃራኒውን ወገንም ቢመለከቱት መልካም ነው። አቅም ማጣት ወይም ጉልበት አልባነት የሚል ፍቺ ያለው ስትሬንግስለስነስ 16 ፊደላት ቢኖሩትም አናባቢው ኢ ብቻ ነው፤ እርሱም ሦስት ጊዜ ይመጣል። ሊከፋፈል አለመቻልን የሚገልጸው ኢንዲቪዚቢሊቲ ደግሞ መጨረሻው ላይ ካለችው ዋይ በቀር አይን ብቻ ስድስት ጊዜ ይደጋግማል። ርዝመት ብቻውን አናባቢዎችን እንደማያሟላ ለማየት ፍሎክሲኖሲኒሂሊፒሊፊኬሽንን ይመልከቱ፤ ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠር ማለት ነው፤ እምብዛም ዋጋ የሌለውን ነገር የሚያመለክቱ አራት የላቲን ቃላት ተደርድረው የተሠራ ሲሆን፣ በ29 ፊደላቱ ውስጥ አይ ዘጠኝ ጊዜ ሲመላለስ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የሚዘወተረው ኢ አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም።