የእንስሳት መብት ድርጅቶችና የልገሳ ገንዘብ፦ ጥፋቱ አወጣጡ ላይ ነው ወይስ አጠያየቁ ላይ?

ሒሩት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያከራክር ነገር ይዤ መጥቻለሁ። የእንስሳት መብት ድርጅቶች የሚለምኑበት ምስልና ገንዘቡን የሚያውሉበት ሥራ ይገናኛል ወይ? እኔ አይገናኝም ባይ ነኝ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ1866 ጀምሮ ያለ ኤኤስፒሲኤ የሚባል ትልቅ ድርጅት አለ። በ2007 ዘፋኟ ሳራ ማክላክላን የምትታይበትን ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለቀቀ። ዓይኑን የታመመ ድመት፣ ከሽቦ ኋላ የሚንቀጠቀጥ ውሻ፣ ከሥር ሐዘንተኛ ዜማ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገኘ። ይኸው ድርጅት በ2012 መጨረሻ ላይ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ለማን? የሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ባለቤት ለሆነው ፌልድ ኢንተርቴይንመንት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2000 ሰርከሱን በዝሆን አያያዝ ከሰሰ። ዋናው ምስክር የሰርከሱ የቀድሞ ሠራተኛ ነበር። ከሳሾቹ ለዓመታት ገንዘብ ሲሰጡት እንደነበር በኋላ ታወቀ፤ ድምሩ ቢያንስ 190,000 ዶላር። ፍርድ ቤቱ በ2009 ክሱን ውድቅ አደረገ። ሰርከሱ በተራው ከሳሽ ሆነ። በ2014 ደግሞ ሂውሜን ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ዩናይትድ ስቴትስ የተባለው ሌላው ትልቅ ድርጅትና አብረውት የነበሩት 15.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ተስማሙ። ኤኤስፒሲኤ ጥፋተኛ ነኝ አላለም፤ ስምምነት ነው። ገንዘቡ ግን ሄዷል። ያን ማስታወቂያ እያየ አልቅሶ የሰጠ ሰው ለዚህ ነው የሰጠው?

ናትናኤል፦
ሒሩት፣ ለምስክር ገንዘብ መስጠት ነውር ነው። እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ግን ከዚያ ተነስተሽ ለክስና ለዘመቻ የሚወጣው ሁሉ ብክነት ነው ወደሚለው እንዳትሄጂ።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ80 ቢሊዮን በላይ የየብስ እንስሳት ለምግብ ይታረዳሉ። አብዛኞቹ ዶሮዎች ናቸው። ለእነሱ መጠለያ ሠርቶ መጨረስ አይቻልም። የሚቻለው ሕግ ማስለወጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ2012 ጀምሮ እንቁላል ጣይ ዶሮን በባዶ የሽቦ ኬጅ ማኖር ተከልክሏል። ኬጁ ውስጥ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት ቦታ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያንስ ነበር። ክንፏን አትዘረጋም። አፈር አትጭርም። እንቁላል መጣያ ጥግ የላትም። ወለሉ ሽቦ ስለሆነ እግሯ ይቆስላል። ካሊፎርኒያ በ2018 ዶሮንና አሳማን በጠባብ ቦታ አጉሮ ማርባትን የሚከለክለውን ፕሮፖዚሽን 12 የተባለ ሕግ በሕዝብ ድምፅ አጸደቀች። የአሳማ አርቢዎች ማኅበር ከሰሰ። በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ እንዲጸና አደረገ። እነዚህ ሁሉ በነጻ አልመጡም። ጠበቃ ይፈልጋሉ፣ ፊርማ አሰባሳቢ ይፈልጋሉ፣ የዓመታት ትዕግሥት ይፈልጋሉ። እኔ ከምሰጠው አንድ ብር ውስጥ ትልቁ ድርሻ እዚያ ቢሄድ ደስታዬ ነው።

ዳዊት፦
ሙያዬ ኦዲት ነው፤ ወደ ወረቀቱ ልመልሳችሁ። ሰው ሁሉ «ከመቶው ስንቱ ለእንስሳት ዋለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ቁጥር የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም።

አንድ የልመና ፖስታ ልክፈትላችሁ። ላዩ ላይ «አስቸኳይ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ውስጡ የውሻ ፎቶ አለ፣ አራት ገጽ ደብዳቤ አለ፣ ስማችሁ የታተመበት ተለጣፊ ወረቀት በስጦታ አለ፣ መመለሻ ፖስታ አለ። ደብዳቤው መሀል ላይ ትንሽ ሳጥን ታገኛላችሁ፦ «በሙቀት ቀን ውሻዎን መኪና ውስጥ ዘግተው አይሂዱ።» ያቺ ሳጥን ቀላል እንዳትመስላችሁ። ደብዳቤው ገንዘብ ከመጠየቅ ሌላ ሰውን ወደ አንድ ተግባር የሚጠራ ከሆነ፣ የሕትመቱና የፖስታው ወጪ ለሁለት መከፈል ይችላል። ከፊሉ «ገንዘብ ማሰባሰቢያ» ተብሎ ይመዘገባል። ከፊሉ «የሕዝብ ትምህርት» ይሆናል፤ ትምህርት ደግሞ ፕሮግራም ነው፣ ማለትም ከድርጅቱ ዋና ሥራ ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ ለዚህ የሒሳብ ደንብ ወጥቶለታል። ዓላማው፣ የተላከለት ሰውና ይዘቱ ይታያሉ። መስፈርቱን ካሟላ ሕጋዊ ነው።

ዋይዝ ጊቪንግ አላያንስ የሚባለው መዛኝ ድርጅት ከጠቅላላ ወጪ ቢያንስ 65 ከመቶው ለፕሮግራም መዋል አለበት ይላል። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ድርጅት በዚያች ሳጥን ተሻግሮ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ፐርሰንት ብቻ አይቼ የማልፈርደው። በ2013 መዛኞቹ ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ዋይዝ ጊቪንግ አላያንስ ራሳቸው በአስተዳደር ወጪ መጠን ብቻ አትመዝኑ ብለው ለለጋሾች የጋራ ደብዳቤ ጽፈዋል።

ሰላም፦
እኔ መጠለያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ስሠራ ቆይቻለሁ። እናንተ ስለ ሚሊዮን ስታወሩ እኔ የማስበው ፓርቮ ስለሚባለው የውሾች የቫይረስ በሽታ ነው።

አንድ ቡችላ ፓርቮ ይዞ ከገባ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ በሽታውን ሽታው ይነግራችኋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። ቡችላው ግሉኮስ ይተከልለታል፣ ብቻውን ይቀመጣል፣ ሌሊት ሰው ያድርበታል። ኬጁ፣ ሳህኑ፣ ጫማችን ሳይቀር በበረኪና ይታጠባል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ያልተከተበ ሌላ ቡችላ ካለ ነገ እሱም ይተኛል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ደሞዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ሰዉ ግን ደውሎ «እናንተ እኮ በቴሌቪዥን ብዙ ሚሊዮን ትሰበስባላችሁ» ይለናል።

እኛ አይደለንም! አሜሪካ ውስጥም ያው ነው። በየከተማው «ሂውሜን ሶሳይቲ» ወይም «ኤስፒሲኤ» የሚል ታፔላ ያለው መጠለያ የትልቁ ድርጅት ቅርንጫፍ አይደለም። ራሱን ችሎ የሚቆም ነው፤ በጀቱም የራሱ ነው። ለጋሹ ግን ለትልቁ ሲሰጥ ለሰፈሩ መጠለያ የሰጠ ይመስለዋል። ትልቁ ሂውሜን ሶሳይቲ፣ ሒሩት ያነሳችው፣ በ2025 ስሙን ወደ ሂውሜን ወርልድ ፎር አኒማልስ ቀይሯል። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ!

ናትናኤል፣ ለዶሮዋ የምትታገለው ትክክል ነው። ታዲያ ለምን በውሻዬ ፎቶ ትለምናለህ?

ናትናኤል፦
ዶሮዋን ስናሳይ ሰው ስለማይሰጥ ነው፤ እውነቱ ይኼ ነው። የሰው ልብ በቁጥር አይሠራም። በ1992 የወጣ ጥናት አለ። ዘይት በተጠራቀመበት ኩሬ የሚሞቱ ወፎችን ለማዳን ምን ያህል ትከፍላላችሁ ተብለው ሰዎች ተጠየቁ። ለ2,000 ወፎች በአማካይ 80 ዶላር አሉ። ለ20,000 ወፎች 78 ዶላር። ለ200,000 ወፎች 88 ዶላር። ወፎቹ መቶ እጥፍ ሲሆኑ ልገሳው ባለበት ቆመ ማለት ነው። ሰው የሚሰጠው ዓይኑ ላይ ለመጣው አንድ ፊት ነው። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ለቢሊዮኖቹ የሚሟገት ድርጅት ምን ያድርግ? በውሻው ፊት ገንዘቡን አምጥቶ ለዶሮዋ ሕግ ቢያስወጣ እኔ ኃጢአት አድርጌ አላየውም።

አመሃ፦
አንድ ነገር ተዘለለ። ይህ ትችት ከየት ነው የሚመጣው? ሂውሜን ሶሳይቲን የሚተቸውን ሂውሜን ዎች የሚባል ዘመቻ የጀመረው ሴንተር ፎር ኮንሲውመር ፍሪደም የተባለ ድርጅት ነው። መሥራቹ ሪቻርድ በርማን የሚባል የሕዝብ ግንኙነት ሰው ነው። ድርጅቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተነሳው በሲጋራ አምራቹ ፊሊፕ ሞሪስ ገንዘብ ነው። በኋላም ከምግብና ከሬስቶራንት ኢንዱስትሪው ነው የሚደገፈው። ለመጠለያ ውሻ አዝነው ይመስላችኋል? የሚፈሩት የዶሮዋን ሕግ ነው።

ሒሩት፦
አመሃ፣ ልክ ነህ፤ ማን እንደሚናገር ማወቅ ይጠቅማል። ግን 15.75 ሚሊዮኑ በበርማን አፍ ስለተነገረ ውሸት አይሆንም። ጠላት ያነሳው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። እንዲያውም ወዳጅ ቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ለእነ በርማን ወሬ ባልተረፈ።

ጋሽ መኮንን፦
ልጆች፣ አሜሪካ ላይ ብቻ አትቁሙ። የእንግሊዙ አርኤስፒሲኤ ከ1824 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው። በ2012 ሄይትሮፕ የተባለውን የቀበሮ አደን ቡድን ሕግ ጥሳችኋል ብሎ ከሰሰ። አዳኞቹ አመኑ፤ ተቀጡ። ነገር ግን የክሱ ወጪ ወደ 330,000 ፓውንድ ነበር። ዳኛው ራሳቸው በወጪው መደንገጣቸውን ተናገሩ፤ በልገሳ የመጣ ገንዘብ ከዚህ በተሻለ ቦታ ሊውል አይችልም ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁ ለጋሾች እንደሚኖሩም አነሱ።

እኔ ግን ያን ክስ ባክኗል አልልም። ቀበሮን በውሻ ማሳደድ በ2004 ሕግ ተከልክሏል። ሕጉን የሚያስከብር ከሌለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እዚያ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ክስ በልገሳ ገንዘብ መሸከም የማን ሥራ ነው? የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ የት ሄዶ? ድርጅቱም በ2021 ክስ የመመሥረቱን ሥራ ለመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ለማስረከብ ማሰቡን አስታውቋል። ደግ አደረገ።

ሰላም፦
ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ ያሉት የሚገባኝ ነው። ተከሰሰ፣ ተፈረደ፣ ሁሉም በአደባባይ ነው። እኔን የሚያመኝ የፔታ ነገር ነው።

ፔታ በ1980 የተመሠረተ የአሜሪካ የእንስሳት መብት ድርጅት ነው፤ ስሙ «መብት» ሲባል ሁሉም የሚያስታውሰው ነው። ቨርጂኒያ ግዛት ኖርፎክ ከተማ ውስጥ መጠለያ አለው። ወደዚያ ከሚገቡት ውሾችና ድመቶች በጣም ብዙዎቹ በመርፌ ይገደላሉ። ይህን የማወራው ሐሜት ይዤ አይደለም። ግዛቱ መጠለያዎች በየዓመቱ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ ቁጥሩ ለሕዝብ ክፍት ነው። በ2014 ደግሞ ሠራተኞቹ ማያ የምትባል ትንሽ ቺዋዋ ውሻ ከአንድ ቤተሰብ በረንዳ ላይ አንስተው ወሰዱ። ሕጉ አምስት ቀን ጠብቁ ይላል። እነሱ በዚያው ቀን ገደሏት። ባለቤት ያላት፣ የሕፃን ልጅ ውሻ። በ2017 ድርጅቱ ለቤተሰቡ 49,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ይህም ከልገሳ ኪስ ነው።

ናትናኤል፦
በማያ ጉዳይ የምከላከለው ነገር የለኝም። ስለ መጠለያው ግን ፍትሐዊ እንሁን። ሌሎች «ቦታ የለም» ብለው የሚመልሱትን በሽተኛ፣ ያረጀ፣ ሰው የሚነክስ እንስሳ ይቀበላል። ለሐኪም መክፈል ላቃተው ሰው ስቃይ ላይ ያለ ውሻውን በነጻ ያሳርፍለታል። «አንገድልም» የሚል መጠለያ መርጦ ይቀበላል፤ የቀረው የት ይሂድ? ሰላም፣ መጠለያ ስለሠራሽ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሰላም፦
አውቀዋለሁ። መርፌውን ይዤ ከቆመ ሐኪም አጠገብ እንስሳውን አቅፌ አውቃለሁ። አንዳንዴ ምሕረት ነው። ታዲያ ምሕረት ከሆነ ለለጋሹ በግልጽ ይነገረው። «በሚሰጡን ገንዘብ የማይድኑትን ያለ ስቃይ እናሳርፋለን» ይባል። እኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ እሰጣለሁ። ሰጪው አሳዳጊ ቤት ያገኘ ቡችላ እያየ ኪሱን ከፍቶ፣ ኋላ ሪፖርቱን ሲያነብ መደንገጥ የለበትም።

ዳዊት፦
ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሒሩት ያነሳችው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠነክራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 እና በ1988 በሰጣቸው ውሳኔዎች መንግሥት «ከዚህ ፐርሰንት በላይ ለማሰባሰቢያ አታውጡ» ብሎ ጣሪያ መጣል እንደማይችል ተናግሯል። ልመና ንግግር ነው፤ ንግግር ደግሞ ጥበቃ አለው። በ2003 ግን ሌላውን ጎን አስቀመጠ። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ለጋሹን እያሳሳተ የሰበሰበ ሰው በማጭበርበር ሊከሰስ ይችላል አለ። ሕጉ እንኳን መጠኑን ትቶ አጠያየቁን ነው የያዘው።

የለየላቸው አጭበርባሪዎችም አሉ፤ ራሳቸው ቡችላውን ጉድጓድ ከተው «አዳንነው» እያሉ ቪዲዮ የሚሠሩ። ዩቲዩብ በ2021 እንዲህ ያለውን የተቀነባበረ ማዳን በደንቡ ከልክሏል። እነሱን ከእውነተኞቹ ድርጅቶች ጋር አንቀላቅል።

የምትሰጡ ሰዎች ደግሞ ይህን እወቁ። ስትሰጡ «ለክትባት ብቻ» ወይም «ለእርሻ እንስሳት ዘመቻ ብቻ» ብላችሁ በጽሑፍ መገደብ ትችላላችሁ። ድርጅቱ በዚያ ሁኔታ ከተቀበለ ይገደድበታል፤ የሒሳብ መግለጫው ላይም ለብቻው ይታያል። ዝም ብሎ የተሰጠ ገንዘብ ግን ቦርዱ ወደ ፈለገው ይሄዳል፤ ለደሞዝም፣ ለጠበቃም፣ ለቀጣዩ ፖስታም።

ሒሩት፦
የምፈልገው ይኼንኑ ነው። ፎቶው ሥር አንድ መስመር። «ይህ ገንዘብ በዋናነት ለሕግና ለዘመቻ ሥራ ይውላል፤ እኛ የአካባቢዎ መጠለያ አይደለንም።» በትልቁ ፊደል፣ ፎቶው አጠገብ። ደቃቅ ጽሑፍ ሆኖ ጀርባ ላይ አይደበቅ።

ናትናኤል፦
ገንዘቡ በግማሽ ቢቀንስስ? የቀነሰው ከዶሮዋ ላይ ነው እኮ። ለእሷ የሚለምንላት ሌላ ማንም የለም።

ሒሩት፦
የሚሸሸው ሰው እኮ መጀመሪያም ለዶሮዋ አልሰጠም። ሳይነገረው ተወሰደበት እንጂ። ዶሮዋን ራሷን አሳዩን፤ ያን ሽቦ ወለል፣ ያን የቆሰለ እግር። ከላይ አንተ ስትጽፈው እኔ ቆሜ አንብቤዋለሁ።

ናትናኤል፦
አንቺ አነበብሽ። አንቺ ግን እዚህ ክርክር ውስጥ ያለሽው ከመጀመሪያውም ስለሚያሳስብሽ ነው። እኔ የምፈራው ፖስታውን ሳይከፍት የሚጥለውን ሰው ነው። እሱን በምን እንደምናስቆመው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።

ሰላም፦
እኔ ነገ እጽፍልሃለሁ። የመጠለያችን ግማሽ ለጋሾች በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ፖስታ ሲጥሉ የነበሩ ናቸው፤ የመጡት መጥተው ካዩ በኋላ ነው። ለዶሮዋ ይህ እንዴት እንደሚሆን አብረን እናስብ።