የሚቀልጠውን በረዶ ፎቶ ማንሣት፦ ማስረጃ ወይስ ስሜት መቀስቀሻ?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ የሚቀልጡ የበረዶ ግግሮችን በፎቶግራፍ መዝግቦ ለሕዝብ ማሳየት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያለውን ግንዛቤ በእርግጥ ያሳድጋልን?

ተቃዋሚ፦ አያሳድግም ባይ ነኝ። ግግር በሞቃት ወራት ይሳሳል፣ በብርድ ወራት መልሶ ይወፍራል፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺው የሚፈልገውን ወር መርጦ የሚፈልገውን ታሪክ ሊነግረን ይችላል። የኪሊማንጃሮ ፎቶ የሙቀት መጨመር ምልክት ተደርጎ በየመድረኩ ይታያል፤ ሆኖም የዚያ ተራራ በረዶ መመናመን የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሲሆን፣ የአካባቢው አየር መድረቅ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያጠኑት ባለሙያዎች ጽፈዋል።

ደጋፊ፦ ወንድሜ ስለ ኪሊማንጃሮ ያነሡት እውነት ነው። ፎቶግራፍ የሆነውን እንጂ የሆነበትን ምክንያት አይናገርም፤ ምክንያቱን የሚነግረን የሳይንቲስቶች ልኬት ነው። ወር መርጦ ማታለል ግን የሚቻለው አንድ ፎቶ ለብቻው ሲቀርብ ነው። በአላስካ የሚገኘውን የሚዩር ግግር ይመልከቱ፤ የበረዶ ግግር አጥኚው ዊልያም ፊልድ እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1941 ያነሣውን ስፍራ የሥነ ምድር ተመራማሪው ብሩስ ሞልኒያ ኦገስት 31 ቀን 2004 ከዚያው ቦታ ቆሞ፣ በዚያው ወር ደግሞ አነሣው። በፊተኛው ፎቶ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሞልቶታል፤ በኋለኛው በረዶው በነበረበት የባሕር ውሃ ተኝቷል፣ የተራቆተው ድንጋይም ቁጥቋጦ አብቅሏል። የግግሩ ጫፍ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል፣ ውፍረቱም ከ800 ሜትር በላይ ቀንሷል። ይህን በቁጥር ብቻ ስሰማው አልገባኝም ነበር፤ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሳይ ግን ደነገጥሁ።

ተቃዋሚ፦ የሚዩር ግግር ባለበት የባሕር ሰርጥ በረዶው መሸሽ የጀመረው ግን ከ1700ዎቹ መጨረሻ በፊት፣ የፋብሪካ ጭስ ሳይበረክት ነው። ታዲያ ድንጋጤዎ ግንዛቤ ነውን?

ደጋፊ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አንድ ግግር ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል እቀበላለሁ። ፎቶ አንሺው ጄምስ ባሎግ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረውን ሥራ የማከብረውም በዚህ ምክንያት ነው። በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በአላስካ ካሜራዎቹን ከዓለት ጋር አሰረ፤ እነርሱም ቀን ብርሃን እስካለ ድረስ፣ ክረምት ከበጋ ሳይመርጡ፣ ያንኑ ስፍራ እየደጋገሙ ለዓመታት አነሡ። በብርድ ወራት የወፈረውም በሞቃት ወራት የሳሳውም በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ዓመታቱ በተከታታይ ሲታዩ ግን ግግሮቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ እናያለን።

ተቃዋሚ፦ እንዲህ ያለውን ተከታታይ መዝገብ አልቃወምም። የምቃወመው ቀኑና ቦታው ሳይጻፍበት የሚሰራጨውን ነጠላ ፎቶ ነው።