የአባቴ ዲኤክስ የሐረጎን ዳገት እምቢ አለች፤ ሞተር ልቀይር ወይስ ላሳድሳት?

የጦሳ ልጅ
ሰላም ጀማው። አባቴ የተወልኝ ዲኤክስ አለችኝ። ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ 70 ናት፣ 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር። ደሴ ውስጥ ምንም አትልም። ጠዋት በዚያ ብርድ ቾኳን ሳብ አድርጌ አንዴ ስነካት ትነሳለች። ችግሩ ከኮምቦልቻ ስመለስ ነው። ሦስት ሰው ከጫንኩ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ነው የምወጣው፣ የጫነ አይሱዙ ክላክስ እያደረገ ያልፈኛል።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ጃፓን» ብለው ካንዴላ ሸጡልኝ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ልክ ነበር። በሦስት ሳምንቱ የአንዱ ነጭ ሸክላ ተሰንጥቆ ወጣ። በጣም ነው ያናደደኝ።

ሰው ሁሉ ሽጣት ይለኛል። መሪው ላይ የአባቴ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ልሙጥ ሆኗል፣ እሱን በየቀኑ እየያዝኩ እንዴት ነው የምሸጣት? 5ኬ ሞተር ላስገባባት ወይስ ያለውን ላሳድስ? እውነተኛ የጃፓን ዕቃስ በምን ይለያል?

ጋራዥ ኮምቦልቻ
አብሽር ልጄ። ሞተር ከመግዛትህ በፊት ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ አስለካ። ብዙ ሰው ሳያስለካ ነው ገንዘቡን የሚያፈሰው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እወቅ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያው ያጣል። ነዳጁ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የነዳጅ ቀዳዳ በትንሹ ጠበብ ባለች ማስቀየር ብቻውን ለውጥ አለው።

5ኬ ይገባል ወይ ላልከው፣ አዎ ይገባል። አንድ ቤተሰብ ናቸው። የፒስተኑ ምት በሁለቱም 73 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት ነው ከ75 ወደ 80.5 ያደገው። በዚህ 1,290 ሲሲ የነበረው 1,486 ይሆናል። የድሮ ጃፓን የምወደው ለዚህ ነው፤ አንዱን መኪና ሲሠሩ ሌላውን እያሰቡ ነው። ካምቢዮህን እንኳ አትቀይርም። የሞተር ቁጥሩ ግን ሊብሬህ ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም አስመዝግብ፣ አለበለዚያ ለቦሎ ስትሄድ ትቸገራለህ።

ስለ ዕቃው፦ ካርቶን አትመን፣ ብረቱን እይ። እኔ ኩሽኔታ ስገዛ አውጥቼ በጨርቅ እጠርገውና ጠርዙን ወደ ብርሃን አዞራለሁ። ኮዮም ይሁን ኤንኤስኬ (የጃፓን ኩሽኔታ ሠሪዎች ናቸው) ጽሑፉ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ጥርት ብሎ ይነበባል። በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ መልስለት። ሁለተኛ፣ በስም አትጠይቅ፣ በቁጥር ጠይቅ። የቶዮታ ዕቃ ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር አለው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ነው የሚናገሩት። አሮጌውን ዕቃ ሳትጥል ይዘህ ሂድ።

ሐይቅ ቪትዝ
ወንድሜ እንዳትሸጣት፣ ወላሂ ይቆጭሃል። እኔ የምነዳው ቪትዝ ነው። ከጃፓን መሪው በቀኝ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ወደ ግራ የዞረ ነው። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ይሸጥበት የነበረው ስም ነው፣ ሌላው አገር ያሪስ ነበር የሚባለው። ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ወጪው ከባድ የሆነ ምርመራ አለበት፤ ብዙ ሰው ያን ከመክፈል ገና ደህና የሆነውን መኪና ይሸጠዋል። እኛ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ያላለቀው ለዚህ ነው።

የዞረ የሚገዛ ሰው ግን ዝናብ ሲዘንብ ይሞክረው። የእኔ መጥረጊያ አሁንም ለቀኝ ሹፌር ነው የሚጠርገው። በግራ በኩል ዓይኔ ፊት ያለችው የመስታወቱ ጥግ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ናት። ሞተሩን ግን ስድስት ዓመት ነዳሁት፣ ከዘይትና ከፊልትሮ በቀር አልነካሁትም።

ወልድያ
ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን ሒሳቡን አስቡት። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አየሩ ሳሳ አልሳሳ ግድ የለውም፣ ሐረጎን ሲወጣ ጉልበቱ ያው ነው፣ ሲወርድ ባትሪውን ይሞላል። ለ40 ዓመት መኪና ሞተር መግዛት ለእኔ ኪሳራ ነው።

ጋራዥ ኮምቦልቻ
ወልድያ፣ ስለ ዳገቱ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን ዲኤክስ ባቲ መንገድ ላይ ብትቆም ካቻቪቴና ቁልፍ ያለው ልጅ ያስነሳታል። ኤሌክትሪኩ ሲቆም ኮምፒውተር ያለው ሰው ነው የምትፈልገው፣ እሱ ደግሞ እዚህ አካባቢ ገና በየመንደሩ የለም። አዲስ የማይገባ ከሆነማ ያለውን አጥብቀን መያዝ ነው ያለብን።

የጦሳ ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ አስለካሁ። ሦስቱ ሲሊንደር 11፣ አራተኛው 7 አለ። ልጁ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ ለካው፣ ከ7 አልተነቃነቀም። ምንድን ነው ይላሉ?

ጋራዥ ኮምቦልቻ
ዘይት ሲገባበት ከፍ ቢል ኖሮ የፒስተኑ ፋሻ ነው እልህ ነበር። ካልጨመረ ቫልቩ ነው፣ ወይ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን ነው። ታችኛው ሞተርህ ደህና ነው፣ 5ኬውን ተወው። ቅዳሜ ጠዋት አምጣት፣ ቴስታታውን አብረን እናወርደዋለን። ስትመጣ ሰው አትጫን።