ሜዳል ኦፍ ኦነር፦ ጥቆማውን ማን ይጽፋል? ለምንስ ሃምሳ ዓመት ይዘገያል?

ምንጭ_ፈላጊ፦

ሰላም ወገኖች። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የእኛ ልጆች ስላሉ ጥያቄው ከእኔ ሌላም የሚጠቅመው ሰው ይኖራል ብዬ ነው። ሜዳል ኦፍ ኦነር ከፍተኛው የጦር ሜዳ ጀግንነት ሜዳሊያ መሆኑን፣ ፕሬዚዳንቱም ራሱ አንገት ላይ እንደሚያጠልቀው ሁሉም ያውቃል። ያልገባኝ ከጦር ሜዳው እስከ ዋይት ሀውስ ያለው መንገድ ነው። ጥቆማውን የሚጽፈው ማን ነው? ምን ዓይነት ማስረጃ ይጠየቃል? አንዱ በጥቂት ዓመታት ሲሸለም ሌላው ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠብቀው ለምንድን ነው? ዜግነት ያላገኘ ወታደርስ? ደግሞም በኮሪያ ከአሜሪካኖች ጎን የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ አባላት ይህን ሜዳሊያ ማግኘት ይችሉ ነበር?

ሰነድ_ክፍል፦

የምድር ጦሩን አካሄድ ልጻፍ፤ የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ በቅጽና በቢሮ ስም ቢለይም መሠረቱ ያው ነው።

ጥቆማው የሚነሳው ከታች ነው። ድርጊቱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የመቶው ወይም የሻምበሉ አዛዥ፣ ዲኤ ፎርም 638 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል። ማንም ራሱን አይጠቁምም። ከቅጹ ጋር ዝርዝር ትረካ፣ በቃለ መሃላ የተረጋገጠ የዓይን ምስክርነት (ቢያንስ ሁለት)፣ ካርታ ወይም የቦታ ንድፍ፣ ፎቶ ካለም ፎቶ፣ እንዲሁም በሥነ ሥርዓቱ ላይ የሚነበበው አጭር የምስጋና ጽሑፍ ረቂቅ ይያያዛል። ከዚያ በሻለቃ፣ በብርጌድ፣ በክፍለ ጦር እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ በመካከል ያለ አዛዥ "ይህ ለሲልቨር ስታር ነው የሚበቃው" (በደረጃ ሦስተኛ ለሆነው የጀግንነት ሜዳሊያ ማለት ነው) ብሎ አስተያየቱን መጻፍ ይችላል፣ ፋይሉን ግን እሱ ዘንድ አስቀርቶ መዝጋት አይፈቀድለትም። ፎርት ኖክስ ወዳለው የሰው ሀብት ዕዝ የሽልማት ክፍል መድረስ አለበት። ከዚያ የከፍተኛ ሽልማቶች ቦርድ ያየዋል፤ ቀጥሎ የምድር ጦር ሚኒስትሩ፣ የጋራ ኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ፣ በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ።

ፋይሉ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ትረካው ላይ ነው። ጸሐፊው "ወደር የሌለው ጀግና፣ ሞትን የናቀ" እያለ ገጽ ይሞላል፤ ቦርዱ ግን ሊያውቅ የሚፈልገው ሌላ ነው። መሬቱ ምን ይመስል ነበር? ብርሃኑና አየሩስ? ጠላት ስንት ሜትር ላይ ነበር፣ በምን መሣሪያ ይተኩስ ነበር? ወታደሩ ከመጠለያው የወጣው ታዝዞ ነው ወይስ በራሱ ፈቃድ? ያን ጊዜ ጓዶቹ ምን እያደረጉ ነበር? ድርጊቱ የውጊያውን አቅጣጫ በምን ቀየረው? እነዚህ ተመልሰው ሲገኙ ቅጽል አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው "ከግዴታ በላይ" የሚለውን ማሳየት ነው። መትረየስ ተኳሹ በመትረየሱ ጸንቶ መተኮሱ ግዴታው ነው። ትረካው እዚህ ጋ ባያደርገው ኖሮ ማንም እንደማይወቅሰው፣ ሆኖም ሕይወቱን ለሞት አጋልጦ እንዳደረገው በግልጽ ማሳየት አለበት። ይህ መስመር ካልተሰመረ ፋይሉ በደረጃ ሁለተኛ ወደሆነው ወደ ዲስቲንግዊሽድ ሰርቪስ ክሮስ ወይም ወደ ሲልቨር ስታር ይወርዳል።

ምስክሮቹን በተመለከተም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እያንዳንዱ ለብቻው፣ የራሱን ቃል ይጻፍ፤ የት ቆሞ እንዳየ፣ ምን እንደከለለው፣ ከጓደኛው የሰማውን ዓይኑ ካየው ለይቶ። ሦስት ምስክርነቶች ዓረፍተ ነገራቸው አንድ ዓይነት ሲሆን መርማሪው አንድ ሰው እንደጻፋቸው ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ትክክል ለሆነውም ክፍል ይተርፋል። በሌላ በኩል አንዱ "40 ሜትር" ሌላው "60 ሜትር" ማለቱ የሚጎዳ ነገር አይደለም። በተኩስ ውስጥ የነበረ ሰው ርቀት የሚገምተው እንደዚያ ነው። ቁጥሮቹን ለማስማማት ተብሎ ምስክርነትን ማስተካከል ግን ፋይሉን ይገድለዋል።

ጎህ_ሲቀድ፦

ከላይ ያለው መልስ ትክክል ነው። እኔ መዘግየቱን ልያዝ። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ የጊዜ ገደብ አለው፦ ጥቆማው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ፣ ሜዳሊያው ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ መሰጠት አለበት። ገደቡ ካለፈ የኮንግረስ አባል ጉዳዩን ለጦር ክፍሉ ሚኒስትር አቅርቦ ያስመረምራል፤ ሚኒስትሩ ካመነበት ኮንግረስ ገደቡን የሚያነሳ ሕግ ያወጣል። ዓመታቱ የሚነጉዱት እዚህ ነው።

ምክንያቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በፋይል መጥፋት የሚዘገይ አለ። ፓሪስ ዴቪስ በሰኔ 1965 በቬትናም ቦንግ ሶን አካባቢ ቆስሎ እያለ የወደቁ ጓዶቹን ጥሎ አልሄድም ብሎ አወጣቸው፤ ጥቆማው ወዲያው ተጻፈ፣ ጠፋ፤ እንደገና ቀረበ፣ እንደገና ጠፋ። ሜዳሊያውን ያጠለቀው መጋቢት 3 ቀን 2023 ነው። ጥቁር መኮንን መሆኑ በዚህ ውስጥ ድርሻ እንዳለው አብረውት የዘመቱት በግልጽ ይናገራሉ፣ እኔም አምናለሁ። ምክንያቱም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ያንኑ ያሳያል፦ በዚያ ጦርነት ከ400 በላይ ሜዳሊያዎች ተሰጥተው በወቅቱ ለአንድም ጥቁር ወታደር አልደረሰም። ጦሩ ጥናት አስጠንቶ በጥር 1997 ሰባት ጥቁሮች ሲሸለሙ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነበር። በ2000 ደግሞ 22 ተሸላሚዎች፣ አብዛኞቹ የጃፓን ዝርያ ያላቸው፣ በተመሳሳይ ክለሳ ተካሱ። የአይሁድና የሂስፓኒክ ወታደሮችን ፋይል ለማየት የተጀመረው ክለሳም በ2014 ለ24 ሰዎች ሜዳሊያውን አስገኘ፤ ከእነሱ በሕይወት የደረሱት ሦስት ናቸው።

አዛዡ ሙሉ መረጃ ሳይኖረው በመፍጠኑ ዝቅ የሚልም አለ። አልዊን ካሽ በጥቅምት 2005 ኢራቅ ውስጥ ልብሱ በነዳጅ ርሶ እየነደደ ከሚቃጠል ብራድሊ ተሽከርካሪ ውስጥ ወታደሮቹን ደጋግሞ እየገባ አወጣ፤ በቃጠሎው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞተ። መጀመሪያ ሲልቨር ስታር ተሰጠው። የሻለቃው አዛዥ የድርጊቱን ሙሉ ስፋት በኋላ ሲረዳ ዓመታት የፈጀ ተጨማሪ ምስክርነት አሰባሰበ፤ ሜዳሊያው ለሚስቱ የተሰጠው በታኅሣሥ 2021 ነው። ስለዚህ ከፍንዳታና ከቃጠሎ የተረፉ ምስክሮች ሆስፒታል ውስጥም ቢሆኑ ሳይጠየቁ ፋይል አይዘጋ እላለሁ። ብዙውን ያዩት እነሱ ናቸውና።

አንዳንዱ ደግሞ በማስረጃ ደረጃ ላይ ይቆማል። ራፋኤል ፔራልታ በኅዳር 2004 ፋሉጃ ውስጥ ራሱን ተመትቶ ወድቆ ሳለ የተወረወረውን የእጅ ቦምብ ወደ ሰውነቱ ስቦ ጓዶቹን እንዳዳነ አብረውት የነበሩት መሰከሩ። ባለሙያዎች ግን የጭንቅላቱ ቁስል አውቆ እንዲያደርገው የሚፈቅድ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ተከራከሩ። ጥርጣሬ ስለቀረ የመከላከያ ሚኒስትሩ በ2008 አልተቀበሉትም፤ በደረጃ ሁለተኛ የሆነው የባሕር ኃይሉ ሜዳሊያ፣ ኔቪ ክሮስ፣ ተሰጠው። እኔ በውሳኔው አልስማማም፣ ነገር ግን ለዚህ ሜዳሊያ የሚጠየቀው ማስረጃ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ጥብቅነቱም ምክንያት አለው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ሌላ የጀግንነት ሜዳሊያ ስላልነበረ በቀላሉ ይታደል ነበር፤ ለ27ኛው የሜይን ሬጅመንት ብቻ የአገልግሎት ዘመን ለማራዘም ከተገባ ቃል ጋር ተያይዞ 864 ተሰጠ። በ1917 ቦርድ ተቀምጦ 911 ስሞች ሰረዘ። ብቸኛዋ ሴት ተሸላሚ ዶክተር ሜሪ ዎከርም ያኔ ተሰርዛ በ1977 ተመለሰላት።

ምንጭ_ፈላጊ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥቆማው በጊዜው ቀርቦ ከጠፋስ ቤተሰብ ከየት ይጀምራል? የቃኘውን ጥያቄም እባካችሁ አትርሱት።

መዝገብ_ቤት፦

በጊዜው ቀርቦ በመጥፋቱ ወይም በስህተት ሳይታይ መቅረቱን ማሳየት ከተቻለ ሕጉ የተለየ በር አለው፤ ሚኒስትሩ ይህን ካረጋገጠ ሜዳሊያው ዘግይቶም ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚፈልገው "ጥቆማ ቀርቦ ነበር" የሚል ወረቀት ነው። የቅጹ ግልባጭ፣ የአዛዡ ደብዳቤ፣ ሌላው ቀርቶ በጊዜው የተጻፈ የግል ደብዳቤ ይጠቅማል። የአገልግሎት ፋይሉ ሴንት ሉዊስ ካለው የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በኤስኤፍ 180 ቅጽ ይጠየቃል። እዚያ በ1973 በደረሰው እሳት ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይሎች ወድመዋል፤ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱት አብዛኞቹ አሉበት። "የለም" የሚል መልስ ሲመጣ ተስፋ አትቁረጡ። የክፍሉ የዕለት ሪፖርትና የውጊያ መዝገብ በሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ፣ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ መኖሩን ከእነሱ ማስረዳት ይቻላል። ከዚያ ወደ ኮንግረስ አባሉ ቢሮ ሲኬድ የተሟላ ፋይል ይዞ ነው፤ ባዶ እጅ የሄደ አቤቱታ የሚመለሰው በትሕትና በተጻፈ ደብዳቤ ነው።

ዜግነት ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ ጦር አባል መሆን ይበቃል፤ ከተሸላሚዎቹ ከ700 በላይ የሚሆኑት ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ተሸላሚው ልዩ ወርሃዊ ጡረታ አለው፤ ልጆቹም መመዘኛውን ካሟሉ ወደ ጦር አካዳሚዎች ሲገቡ የኮታ ገደብ አይያዝባቸውም። ሜዳሊያውን መሸጥ ወንጀል ነው፤ ወራሾችም ይህን ይወቁ።

የቃኘው ጉዳይ፦ አይችሉም ነበር፣ ምክንያቱ ግን ጀግንነት ማነስ አይደለም። ሜዳሊያው ለአሜሪካ ጦር አባላት ብቻ ነው። ከውጭ ለየት ያለው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለቤልጂየም፣ ለጣሊያንና ለሮማኒያ ያልታወቁ ወታደሮች መሰጠቱ ነው። ቃኘው በ1951 ኮሪያ ገብቶ በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ሥር ሲዋጋ 121 ሰዎች ተሠውተውበታል፣ አንድም ምርኮኛ አላስያዘም። ለውጭ ወታደር ክፍት የሆኑትን ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር የተቀበሉ አባላት አሉት።

የቃኘው ቤተሰብ ሆኖ የዘመዱን የአሜሪካ ሜዳሊያ ማረጋገጥ የሚፈልግ ካለ፣ የሚፈለገው "ጄኔራል ኦርደር" የሚባለው ትእዛዝ ቁጥርና ቀን ነው። ሽልማቱ በክፍለ ጦሩ ወይም በ8ኛው ጦር ትእዛዝ ይታወጅ ስለነበር ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ይፈለጋል። ስትጠይቁ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ቅደም ተከተል አስፈልጉ። የስሙን አጻጻፍ አራት አምስት ዓይነት አድርጋችሁ ስጡ፤ ኃይሌ፣ ፀጋዬ፣ ጸሐይ የመሳሰሉትን እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደሰማው ነው የመታቸው። ማዕረጉን፣ ሻምበሉንና የዘመተበትን ዙር (1ኛ፣ 2ኛ ወይም 3ኛ ቃኘው) ከጨመራችሁ ፍለጋው በጣም ይጠብባል።