የ2003 ኮሮላ ኤሲ ለ40 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይጠፋል

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ 2003 የተሠራች። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት በየሁለት ሳምንቱ ኤረር ፍል ውሃ አደርሳታለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ስንነሣ ኤሲው በረዶ ነው። 40 ደቂቃ ገደማ እንደሄድን ግን ድንገት ሞቃት አየር መንፋት ይጀምራል። ሞተር አጥፍተን ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ካረፍን እንደገና ይሠራል፣ ከዚያ ያው ይደግማል። በ3 ወር ውስጥ ሁለቴ ጋዝ አስሞልቻለሁ፣ ለውጥ የለም። አንዱ ጋራዥ "ጋዝ አንሷል" ይላል፣ ሌላው "ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ሞቷል፣ ይቀየር" ይላል። ለኮምፕሬሰር የሚሆን ገንዘብ በቀላሉ አላገኝም። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ራሴ ማየት የምችለው ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ሙቀቱ በጣም ይጎዳታል።

ኤሌክትሪሺያን ከአዳማ፦
ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። ኤሲው በጠፋበት ሰዓት ንፋሱ ራሱ ይደክማል? ወይስ ንፋሱ እንደበረታ ሆኖ ብቻ ይሞቃል? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። ንፋሱ እየደከመ ከሄደ ክሩስኮቱ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ በረዶ ይዞ አየሩን ዘግቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ቅዝቃዜውን የሚለካው ሴንሰር ወይም የታፈነ የአየር ፊልትሮ ነው። ንፋሱ እንደበረታ ከሞቀ ግን ኮምፕሬሰሩ መሥራት አቁሟል።

ያንን ለማረጋገጥ ልክ በጠፋበት ቦታ ዳር ያዝ፣ ሞተሩን አታጥፋ፣ ኤሲውንም አትዝጋ፣ ኮፈኑን ክፈትና ኮምፕሬሰሩን እይ። ቺንጊያው የሚያሽከረክረው ውጪኛው ክፍል ሁልጊዜ ይዞራል፣ እሱ አያታልልህ። የምታየው ከፊቱ ያለውን ሳህን ነው። ኤሲው ሲሠራ ሳህኑ አብሮ ይዞራል፣ ሲያቋርጥ ይቆማል። እጅህን፣ የልብስ እጅጌ ወይም ነጠላ እንዳታስጠጋ። ጋራዥ ደርሰህ ሲያዩት መኪናው ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ነው ሁሉም በግምት የሚነግርህ። ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓት ካልተያዘ አይገኝም።

የሎጊያ መስመር ሾፌር፦
የእኔ መኪና ኤሲ ከተማ ውስጥ ቆም እያልኩ ስሄድ ይሞቅ ነበር፣ መንገድ ላይ ስነዳ ደግሞ ይቀዘቅዝ ነበር። የፊተኛው ፋን ሞተር ተቃጥሎ ነው። መንገድ ላይ ንፋሱ ራሱ ስለሚያበርደው አይታወቅም። ወንድሜ፣ ያንተ ሲነዳ ስለሚጠፋ ፋኑ አይመስለኝም፣ ግን ኮፈኑን ስትከፍት እግረ መንገድህን መዞሩን እይ። ከራዲያተሩ ፊት ያለውንም ኮንደንሰር (የኤሲው ሙቀት የሚወጣበትን) አቧራና ነፍሳት ካፈኑት በቀስታ በውሃ እጠበው። በኃይለኛ ግፊት አትርጨው፣ ክንፎቹ ይተኛሉ።

መካኒክ ከአቡዳቢ፦
እዚህ በጋ 45 ዲግሪ ላይ ይህን ሥራ በየቀኑ እንሠራለን። ሁለቴ ጋዝ መሙላትህ አሳስቦኛል። ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፣ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ሳያንስ ከተጨመረበት ደግሞ በራሱ ችግር ያመጣል። ቶዮታ ላይ ያለው የግፊት ስዊች ግፊቱ ከ28 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲወርድም፣ ከ450 ገደማ ሲያልፍም ኮምፕሬሰሩን ያቋርጠዋል። ስለዚህ በዝቶም፣ አንሶም ምልክቱ አንድ ነው፣ ኤሲው ይጠፋል። ጋዙ አር 134 ኤ መሆኑንም ጠይቅ። ምን እንዳለበት ከማይታወቅ ሲሊንደር የተቀላቀለ ነገር ከገባ ግፊቱን ማንም አያምነውም።

ጋራዡ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሲያስር ቁጥሮቹን ራስህ ጻፋቸው። ሞተር ጠፍቶ፣ መኪናው በርዶ፣ በ30 ዲግሪ አየር ሁለቱም ጌጅ 100 ፒ ኤስ አይ አካባቢ ያሳያሉ። ይህ ግን ፈሳሽ ጋዝ ውስጡ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርህም። መጠኑ የሚታወቀው በሚዛን ብቻ ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀት ስንት ግራም እንደሚይዝ ይናገራል።

የሳቢያን ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቅዳሜ ሄድን፣ ኤረር ሳንደርስ ጠፋ። ንፋሱ አልደከመም፣ ብቻ ሞቀ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሳህኑ ግን ቆሟል! ጋዙን ማንም ሳይነካው ከ25 ደቂቃ በኋላ ራሱ ተመለሰ።

ኤሌክትሪሺያን ከአዳማ፦
ጥሩ አይተሃል። አሁን ግማሹን ጥርጣሬ ጣልነው። መጀመሪያ የኤሲውን ሪሌይ (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋውን ትንሽ ሳጥን) ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ሪሌይ ጋር አቀያይር፣ ነፃ ነው። ካልተለወጠ ቴስተር ይዘህ ውጣ። ኤሲው ሲጠፋ ወደ ኮምፕሬሰሩ ክላች (ሳህኑን ስቦ ወደሚያያይዘው) በሚሄደው ሽቦ ላይ ለካ። ምንም ቮልት ከሌለ ትእዛዙ አልደረሰውም፣ ወደ ስዊቹ፣ ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦው እንመለሳለን። ከ12 ቮልት በላይ ካለና ሳህኑ ካልተሳበ ግን ጥፋቱ ክላቹ ላይ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
ሪሌዩ ለውጥ አላመጣም። ጠፍቶ ሳለ ለካሁ፣ 13.4 ቮልት አለ፣ ሳህኑ አልተሳበም።

ኤሌክትሪሺያን ከአዳማ፦
እንግዲያው ኮምፕሬሰሩን እንዳትቀይር! ክላቹ ማግኔት ነው። ሳህኑ ከዓመታት ግጭት በኋላ ይሳሳል፣ በእሱና በሚዞረው ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። የማግኔቱ ጥቅል ሽቦ ደግሞ መዳብ ነው፣ መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ኃይሉ ይቀንሳል። ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የመቋቋም ኃይሉ (ሬዚስታንሱ) በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በርዶ ሳለ ሰፊውን ክፍተት አልፎ የሚስበው ማግኔት፣ ሲግል ያቅተዋል። ግማሽ ሰዓት ስታርፉ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ሞተሩን አጥፍተው ክፍተቱን በስስ መለኪያ ብረት ይለኩልህ። ልኩ እንደ ኮምፕሬሰሩ ይለያያል፣ ብዙዎቹ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው። ከሰፋ መሐል ላይ ያለውን ብሎን ፈትቶ፣ ሳህኑን አውጥቶ ከሥሩ ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዱን መቀነስ ነው። ጋዝ አይነካም። ከመጠን በላይ አታጥብቡት፣ ሳህኑ ኤሲ ተዘግቶ ሳለ እየታከከ ይቃጠላል። ኩሽኔታውም ድምፅ ካለው አብሮ ይታይ።

እመቤት በቪትስ፦
የእኔም ይቆራረጣል፣ ግን ንፋሱ ነው የሚደክመው። ከአጠገቤ ባለው ወንበር እግር ሥርም ውሃ ይጠራቀማል።

ኤሌክትሪሺያን ከአዳማ፦
እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው። የውሃ መውጫ ቱቦው ተደፍኗል፣ ፊልትሮውም ሳይታፈን አልቀረም። ቱቦውን አስጠርገሽ ፊልትሮውን አስቀይሪ። ንፋሱ አሁንም ከደከመ ሴንሰሩን አስለኪ።

የሳቢያን ልጅ፦
ለካነው፣ 0.9 ሚሊሜትር ነበር። አንድ ሮንዴላ አውጥተው 0.5 ላይ አደረጉት፣ የከፈልኩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ትናንት በቀትር ኤረር ደርሰን ተመለስን፣ አንዴም አልጠፋም። እናቴ መንገዱን ሙሉ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ቤት ስንደርስ ነው የነቃችው። በሚቀጥለው ሳምንት ጋዙን በሚዛን አስለካለሁ።

መካኒክ ከአቡዳቢ፦
አዎ፣ እሱን እንዳትተው። ጋዙን ወደ አየር ሳይለቁ በማሽን ያውጡትና ይመዝኑት፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቫክዩም አድርገው (ውስጡ የቀረውን አየርና እርጥበት በማሽን ስበው) በወረቀቱ ልክ ይሙሉልህ።