ሽፍታውን ማን ላከው?

የጎጃሙ ልጅ፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ እንግዳ «ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው ልቦለድ የሚያሳየን ሰው ከዕጣው እንደማያመልጥ ነው» ሲል ሰምቼ ሻዬ ትን አለኝ። በዛብህን ዕጣ ገደለው? እናቱ ውድነሽ ሕፃኑ ሲታመምባት፣ ከዳነ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ያገልግል ብላ ተሳለች። እሱን ማን ጠየቀው? ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ በዘር የሚመጥናት የለም እያሉ ልጃቸውን፣ የበዛብህን ፍቅረኛ ሰብለን ቆማ እንድትቀር አደረጓት። ይሄ ሁሉ የሰው ሥራ ነው።

ርብቃ፦ ውድነሽ እኮ ባል የሞተባት፣ ሞት የለመደ ደጅ ያላት ሴት ናት። ምን ታድርግ? ደግሞ በዛብህ አምልጦ አዲስ አበባ ገብቷል። ሲመለስ ነው መንገድ ላይ የተመታው። ዕጣ ካልሆነ ሽፍታውን ማን ላከው?

ካብ አፍራሽ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ ነዋ! ደራሲው እኮ እሱ ነው 😂

የጎጃሙ ልጅ፦ «ማን ላከው» ትላለች ደግሞ። በግብር ላይ ግብር ሲጫን ግማሹ ገበሬ ይነሳል፣ ግማሹ ጫካ ይገባል። ፊታውራሪን የማረኳቸው የገዛ ገባሮቻቸው አይደሉም?

ርብቃ፦ ሽፍታው ግብር ያማረረው ገበሬ ነበር የሚለው የትኛው ገጽ ላይ ነው?

የጎጃሙ ልጅ፦ ሁሉ ነገር ገጽ አይጠቀስለትም።

ርብቃ፦ እሺ፣ የእኔም ዕጣ ገጽ አይጠየቅበት።

ሰሚ፦ እኔ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ነው የሰማሁት። ሰብለ በዛብህን ሊሞት ሲል አግኝታው፣ በዚያው አልጋ ላይ ሲጋቡ ቤታችን ሁሉ ተላቀሰ። ስለ ግብር ያነሳ ሰው አልነበረም።

ካብ አፍራሽ፦ ችግሩ ይሄው ነው። ግማሹ አገር መጽሐፉን በጆሮው ነው ያነበበው። የፊታውራሪ ዘመድ ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን በድንጋይ ካብ መስሎ ሲያብጠለጥል ጆሯችሁ የት ሄዶ ነበር?

ሰሚ፦ ወጋየሁን እንዳትነካ!

ካብ አፍራሽ፦ ማን ነካው?

የጎጃሙ ልጅ፦ ወደ ጉዳዩ። ሐዲስ ጣሊያንን ተዋግቶ፣ ተማርኮ ጣሊያን አገር ታስሮ የተመለሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በ1958 ዓ.ም. «ዕጣህን ተቀበል» ለማለት ያን የሚያህል መጽሐፍ ይጽፋል?

ርብቃ፦ ያን ሁሉ ሞት ያየ ሰው ነው እንጂ በዛብህን፣ ሰብለንና ካሳን ሦስቱንም አንድ ቦታ የሚቀብር! ካሳ ስለት የለበት፣ የማንም ሎሌ አይደል። ሥርዓቱን አብጠልጥሎ አብጠልጥሎ እሱም እዚያው ገባ። እሱንስ ማን ላከው?

የጎጃሙ ልጅ፦ በገዛ እግሩ ሄደ! ሰብለ ከቤት ስትጠፋ ሊፈልጋት!

ርብቃ፦ የሄደበትን እንጂ የደረሰበትን መረጠ?

የጎጃሙ ልጅ፦ አንቺ እኮ ሰው ታክሲ ቢያመልጠውም ዕጣ ነው ትያለሽ።

ሰሚ፦ «በጆሮው አነበበ» ያለው ሰውዬ ይቅርታ ሳይጠይቅ ይሄ ክርክር አይቀጥልም።