የቢትኮይን ብሎክ ይስፋ ወይስ ባለበት ይቆይ?

አስጀማሪ፦ ትናንት አንድ አባል «በ2017 ብሎኩ ይስፋ ያሉት ትክክል ነበሩ» ብሎ ነበርና እዚህ እንከራከርበት። ለአዲሶች፦ ቢትኮይን ያለ ባንክ በኢንተርኔት የሚላላክ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ግብይቶች በየ10 ደቂቃው ገደማ በአንድ ብሎክ ተጠቃለው ይመዘገባሉ፤ ብሎኮቹ ተያይዘው ሰንሰለት ይሆናሉ። በ2010 የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ በብሎኩ መጠን ላይ የ1 ሜጋባይት ጣሪያ ስላደረገበት ኔትወርኩ በሰከንድ ቢበዛ 7 ግብይት ገደማ ነበር የሚችለው። ሙግቱ ከሮ በኦገስት 2017 ቢትኮይን ካሽ የተባለ ሌላ ገንዘብ በ8 ሜጋባይት ብሎክ ተገንጥሎ ወጣ። ቢትኮይን ደግሞ በዚያው ወር ሴግዊት የተባለውን የሶፍትዌር ማሻሻያ ሥራ ላይ አዋለ፤ በእሱ ብሎኩ በመጠኑ ሰፋ።

ከዋሽንግተን፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። በዲሴምበር 2017 ለወንድሜ 40 ዶላር ልልክ ዋሌቴን (የቢትኮይን ቦርሳ መተግበሪያዬን) ብከፍት የተጠየቅሁት ክፍያ ከምልከው ገንዘብ በለጠ! በዚያ ወር አማካይ ክፍያው ከ50 ዶላር ያለፈበት ቀን ነበር። ዘጋሁትና እንደ ድሮው በሰው እጅ ላክሁ። ሳቶሺ ራሱ እኮ ጣሪያውን ወደፊት ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ጽፏል።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። እኔ ግን ቤቴ ኖድ፣ ማለትም የግብይቱን መዝገብ በሙሉ ይዞ ራሱ የሚያጣራ ኮምፒውተር፣ አለኝ። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ያመለጠውን ግማሽ ጊጋባይት ገደማ አውርዶ፣ እያንዳንዱን ግብይት መርምሮ ይደርሳል። ቢትኮይን ካሽ በ2018 ጣሪያውን 32 ሜጋባይት አድርጎታል። ያ ቢሞላ የሁለት ቀኑ ብቻ 9 ጊጋባይት፣ የዓመቱ 1.7 ቴራባይት ገደማ ነው። በእኔ ኢንተርኔት አይሞከርም። ኖዱን ከዘጋሁ ደግሞ የተቀበልኩት ገንዘብ እውነተኛ መሆኑን የሚነግረኝ ሌላ ሰው ነው። ከባንክ በምን ተለየ?

ከዋሽንግተን፦ 32 ማን አለ? በሜይ 2017 ከ50 በላይ ኩባንያዎች ኒውዮርክ ላይ የተስማሙት በ2 ሜጋባይት ነበር። በኖቬምበር ሰረዙት።

ከፍራንክፈርት፦ የተሰረዘው እኮ ተጠቃሚው እሺ ስላላለ ነው! ኩባንያና ማይነር (በኮምፒውተር ብሎክ የሚሠራው) በር ዘግተው ሲስማሙ ኖድ የሚያስኬደውን ማን ጠየቀው? እኔን የሚያሳስበኝ ከመጠኑ ይልቅ ወሳኙ ማን ነው የሚለው ነው። ለትንንሽ ክፍያ ላይትኒንግ አለልን፤ ሁለት ሰዎች ቻናል (የጋራ የክፍያ መስመር) ከፍተው ከሰንሰለቱ ውጭ የሚከፋፈሉበት ዘዴ ነው።

ከስቶክሆልም፦ ላይትኒንግን ከእህቴ ጋር ሞክሬዋለሁ። ቻናል ለመክፈት ዋናው ሰንሰለት ላይ ግብይት ያስፈልጋል፣ ክፍያውም አለ። ከፍታም መቀበል አልቻለችም፤ ለካ ከወዲያኛው ወገን የተቀመጠ ገንዘብ መኖር አለበት። ደግሞ አስሉት፦ በሰከንድ 7 ግብይት በዓመት 220 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለ8 ቢሊዮን ሰው አንድ አንድ ቻናል ለመክፈት ብቻ 36 ዓመት!

ከአዲስ አበባ፦ እህቴ፣ ለዚህ መልስ የለኝም፤ እውነትሽን ነው።

ከዋሽንግተን፦ ታዲያ 2 ሜጋባይት ቢሆን ኖድህ ምን ይሆናል?

ከአዲስ አበባ፦ ኖዴስ ይችለዋል። የምፈራው መሰንጠቁን ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ አዲሱን ሶፍትዌር ያልጫነው ሁሉ በአሮጌው ሰንሰለት ይቀራል። ቢትኮይን ካሽም በወጣ በዓመቱ፣ በኖቬምበር 2018፣ እንደገና ለሁለት ተሰንጥቋል።

ከስቶክሆልም፦ መሰንጠቁን እኔም አልፈልግም። ግን እህቴ ዛሬ የምትጠቀመው ቁልፉ (ገንዘቡን ለማዘዝ የሚያስችለው ምስጢራዊ ኮድ) በድርጅት እጅ ያለ ዋሌት ነው። አንተ «ከባንክ በምን ተለየ?» ያልከው እሷ ጋ ደርሷል።